የውኃ ኤሊያችን ቆዳዋም ቅርፊቷም እየተላጠ ነው፤ ጤና ነው ወይስ በሽታ? (ሐዋሳ)

የናቲ እናት፦

ጤና ይስጥልኝ። የቤት ውስጥ የውኃ ኤሊ የምታውቁ ካላችሁ እርዱን። ከዓይኗ ኋላ በግራና በቀኝ ቀይ ሰረዝ ያላት ዓይነት ናት፤ ጀርባዋ በማስመሪያ ሲለካ 11 ሳንቲ ሜትር። 60 ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ መስኮት ሥር ናት። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከአንገቷና ከእግሮቿ ነጭ ነገር እየለቀቀ ይንሳፈፋል፤ የራሰ ሶፍት ይመስላል። ከጀርባዋ ደግሞ ሁለት የቅርፊት ሰሌዳ እንዳለ ወድቆ ገንዳው ሥር ተገኘ። ቀጭን ነው፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት ያሳልፋል። አንደኛው ግን ግማሹ ተነሥቶ ግማሹ እንደተጣበቀ ቀርቷል፤ ሥሩ ነጣ ብሎ ይታያል። ሆዷ ላይም በስተቀኝ ጠርዝ የምስር ፍሬ የሚያህል ቡናማ ነጥብ አለ።

የምትበላው የተፈጨ ጥሬ ሥጋ፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የሚመጣ አጥንቱ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ፣ አልፎ አልፎም የደረቀ ሽሪምፕ ነው። ውኃው የቧንቧ ነው፤ በሳምንት አንዴ ይቀየራል። ማሞቂያም አምፖልም የለም፤ ፀሐይ በመስኮት ይገባላታል።

መላጧ ጤና ነው? የተንጠለጠለውን ልንቀለው? ጎረቤቴ ደግሞ «ቅቤ ቀቢያት፣ ይለሰልስና ራሱ ይለቃል» ብላኛለች። ልቀባት?

ጋሽ ኩሬ፦

የናቲ እናት፣ ከመጨረሻው ልነሣ፦ ቅቤውም ይቅር፣ መንቀሉም ይቅር።

የኤሊ ቅርፊት ድርብ ነው። የታችኛው አጥንት ነው፤ ጎድኗና አከርካሪዋ ተገጣጥመው የሠሩት። በላዩ እንደ ጡብ የተደረደረው ሰሌዳ ደግሞ ኬራቲን ነው፣ የእኛ ጥፍር የተሠራበት ነገር። በሁለቱ መሀል ደም ሥርና ነርቭ ያለው ሥሥ ሕያው ሽፋን አለ፤ አዲሱን ሰሌዳ የሚያበቅለው እሱ ነው። ያልደረሰ ሰሌዳ ሲነቀል የሚቀደደውም እሱው ነው፤ ያኔ ባክቴሪያ ወደ አጥንቱ አቋራጭ መንገድ ያገኛል። ጥፍር ከሥጋው ሳይለቅ ሲጎተት ምን እንደሚሆን ያስቡት።

የእርስዎ ኤሊ ቀይ ጆሮ የሚሏት ናት፤ የትውልድ አገሯ ሰሜን አሜሪካ፣ የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ነው። ጀርባዋ ላይ 38፣ ሆዷ ላይ 12 ሰሌዳ አላት። ስታድግ ቁጥሩ አይጨምርም፤ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ሥር ሰፋ ያለ አዲስ ይበቅልና አሮጌው ይለቃል። በልጅነቷ ቶሎ ቶሎ ትጥላለች፤ ከደረሰች በኋላ በዓመት አንዴ ገደማ ነው። ሊለቅ ሲል በአሮጌውና በአዲሱ መካከል አየር ይገባል፤ ነጣ ወይም ብርማ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ነጭ መታየቱ ብቻውን አያስደነግጥም።

ቆዳዋ የሚለወጠው በሌላ መንገድ ነው። እባብ ልብሱን አንዴ ያወልቃል፤ ኤሊ ግን ዓመቱን ሙሉ በቁርጥራጭ። ውኃ ውስጥ ሲወዛወዝ የሸረሪት ድር ይመስላል፤ ብዙ ሰው ሻጋታ ነው ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ከውኃ ያውጧት። የተላጠ ቆዳ ከሆነ እንደ ሥሥ ፕላስቲክ ገላዋ ላይ ይተኛል፣ ከሥሩ ያለውም ቆዳ ጤነኛ ቀለም አለው። ሻጋታ ከሆነ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ፀጉር አለው፤ ብዙውን ጊዜ ቁስል ላይ ይጀምራል፣ አንድ ቦታ ይዞም ከቀን ወደ ቀን ይሰፋል።

ሰሌዳዎቹ የወደቁበትን ቦታ ደግሞ ደህና አድርገው ይዩልን። በአውራ ጣት ሲጫኑት ድንጋይ ይሆናል ወይስ ይሰረጉዳል? ጠረኑስ? ጤነኛ ቅርፊት የሚሸተው ውኃ ውኃ ነው፤ የበሰበሰ ዓሣ ከሸተተ ጉዳዩ ሌላ ነው። አዲሱ ሰሌዳ የደመቀና ልሙጥ ነው ወይስ ጉድጓድ፣ ቅላት ወይም አጥንት ይታይበታል? የወደቀውስ ሙሉ ቅርጹን ይዞ እኩል ሥሥ ሆኖ ነው ወይስ ወፍራምና የተቆራረሰ? እስካሁን ከጻፉት የጀርባዋ ነገር ደህና ይመስላል። የሆዷ ነጥብ ግን ለብቻው ይታይ።

ቅቤውን በተመለከተ፣ ሰሌዳ የሞተ ነገር ስለሆነ እንደ ፀጉር ቅባት አይጠጣም። በተነሣው ጠርዝ ሥር ገብቶ ይገማል፣ ቆሻሻ ይይዛል፣ የተረፈውም ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ቫዝሊኑም፣ የወይራ ዘይቱም፣ በውጭ አገር «የኤሊ ቅርፊት ማለስለሻ» እየተባለ የሚሸጠውም ያው ነው።

ቴርሞሜትር፦

ጋሽ ኩሬ ያሉት ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያቺ ሰሌዳ ለምን ተንጠልጥላ ቀረች የሚለው ነው።

«ፀሐይ በመስኮት ይገባላታል» ብለዋል። የመስኮት መስታወት ብርሃንና ሙቀት ያሳልፋል፤ ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር ግን ያስቀረዋል። ኤሊ ቫይታሚን ዲ3 የምትሠራው በዚያ ጨረር ነው። ያለ ዲ3 ደግሞ የበላችው ካልሲየም ከአንጀቷ አያልፍም፤ ቅርፊቷ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ወደ ላይ ይቆለመማል። እንግዲህ መስኮት ሥር ያገኘችው ፀሐይን ሳይሆን ሙቀትን ብቻ ነው። እሱም አደጋ አለው፦ የመስታወት ገንዳ ቀጥተኛ ፀሐይ ሲያርፍበት ቶሎ ይግላል፣ እሷ ደግሞ የምትሸሽበት የላትም።

ሌላው፣ የምትወጣበት ደረቅ መደብ ስለመኖሩ አልጻፉም። ሰሌዳ የሚለቀው መራስና መድረቅ ሲፈራረቁበት ነው። ሲደርቅ ጠርዙ ይኮማተርና ይነሣል፣ ሲርስ ይላላል። ሌት ተቀን ውኃ ውስጥ የምትውል ኤሊ አሮጌው ሰሌዳ ላይዋ ላይ ይደራረባል፤ በድርቡ መሀል ውኃ ይታቆራል፣ መበስበስም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስለዚህ መደብ ይሥሩላት፦ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ቡሽ የተነጠፈበት ጣውላ፣ ከነመወጣጫው፣ ሙሉ አካሏ ከውኃ ወጥቶ ሆዷም ጭምር የሚደርቅበት። ግማሽ አካሏን ብቻ የሚያወጣ መደብ ሆዷን አያደርቅም፤ የሆድ መበስበስ የሚበዛውም በዚህ ነው።

ሙቀቱ በግምት አይሆንም፣ ይለካ። ውኃው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ፣ መደቡ ላይ ከ30 እስከ 33። ለመደቡ የድሮው ዓይነት 60 ዋት የሚግል አምፖል ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል፣ በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይብራ። ኤልኢዲ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ለውኃው ማሞቂያ በአንድ ሊትር አንድ ዋት ያህል ይበቃል፤ ግን ቀዳዳ በተበሳ ፒቪሲ ቧንቧ ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ገፍታ ትሰብረዋለች። ውኃ ሲቀንሱ መጀመሪያ ሶኬቱን ይንቀሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ያለ ማሞቂያ የቆየ ውኃ እንደሚቀዘቅዝ ማንም የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል፤ በብርድ ውኃ ደግሞ ምግብ አይፈጭላትም፣ ሰሌዳም አይለቅላትም።

ስለ ጨረሩ፦ ሐዋሳ ላይ ዩቪቢ አምፖል ፍለጋ ከመድከም በፊት ያለችዋን ፀሐይ በአግባቡ መጠቀም ይቀድማል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለም፤ ስለዚህ ጨረሩ ጠንካራ ነው። ሰፊ ሳፋ ደጅ ያውጡ፤ ግማሹን በጣውላ ጥላ ይሸፍኑት፣ የቅርፊቷን ከፍታ ያህል ውኃ ያድርጉበት፣ መሀሉ ላይ ድንጋይ ያኑሩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አራት አምስት ቀን። ለአራስ ልጅ የምንመርጣት የማለዳዋ የ1 ሰዓት ፀሐይ ዩቪቢዋ ጥቂት ስለሆነ ለዚህ አትበቃም። የቀትሩ ደግሞ ሳፋውን ያፈላዋል። አፉን በዶሮ ሽቦ ይክደኑት፤ ጭላትም አለ፣ ጦጣም አለ፣ ለሐይቁ ከቀረቡ ደግሞ አባ ኮዳም አለ።

የ60 ሊትሩ ገንዳም ጠቧታል። ልማዱ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ቅርፊት 15 ሊትር ያህል ነው፤ ለ11 ሳንቲ ሜትር 165 ሊትር። ሴት ከሆነች ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ልትደርስ ስለምትችል አሁን ትልቅ የመስታወት ገንዳ ከማሠራት አናቱ የተቆረጠ የ300 ሊትር ሮቶ ይሻላል። በርሜል ከሆነ የምግብ ዘይት የነበረበት ይሁን፣ የፀረ ተባይ ወይም የሳሙና ኬሚካል የነበረበት ፈጽሞ አይሁን።

ከታቦር ግርጌ፦

ለአንዲት ኤሊ ይህ ሁሉ ወጪ? የሐይቁን ውኃ በጀሪካን ቀድቶ መሙላት ነው፤ ተፈጥሯዊ ነው፣ ክሎሪንም የለበትም። የተንጠለጠለውን ደግሞ በጥርስ ብሩሽ ፈግፈግ ቢያደርጉት ከነአልጌው ይሄዳል።

ጋሽ ኩሬ፦

ወንድሜ፣ ብሩሹ ላይ ግማሽ እስማማለሁ። ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙና የሌለበት፣ በሳምንት አንዴ፣ አልጌውን ለማንሣት ያህል ብቻ፤ ሲቦርሹም ከተጣበቀው ወደ ተነሣው ጠርዝ አቅጣጫ። ከተነሣው ወደ ተጣበቀው ከቦረሹ ሰሌዳውን እየፈነቀሉ ነው። በብሩሹ ማለፍ ብቻ የለቀቀ ይልቀቅ፤ የቀረው ጊዜው አልደረሰም።

የሐይቁ ውኃ ግን አይሆንም። አልካላይንነቱ ከፍ ያለ ነው፣ አልቅትና ጥገኛ ተውሳክ ይዞ ይገባል፣ ለሚቀዳው ሰውም የቢልሃርዚያ ነገር አለ። የቧንቧውን ውኃ በሰፊ አፍ ሳፋ 24 ሰዓት አሳድሮ መጠቀም ክሎሪኑን ያስወጣዋል። የተገላቢጦሹንም ልናገር፦ ሰልችቷችሁ ቀይ ጆሮዋን ሐይቁ ውስጥ እንዳትለቋት። በዓለም ላይ ከከፉት 100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ የገባች ናት።

ውኃው በሳምንት አንዴ መቀየሩም የመላጧ ነገር ውስጥ ድርሻ አለው። 60 ሊትር ውስጥ ያለች ሥጋ በል ኤሊ፣ ያለ ማጣሪያ፣ ውኃውን በሁለት ቀን አሞንያ ታደርገዋለች። አሞንያ ቆዳ ይለበልባል፤ የተለበለበ ቆዳ ከልክ በላይ ይላጣል፣ ሥሩም ይቀላል። ማጣሪያ እስኪገኝ ድረስ በየሁለት ቀኑ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ የአዲሱ ሙቀት ከአሮጌው ከ2 ዲግሪ በላይ አይራቅ። በሌላ ሳፋ ውስጥ ከመገብዋት ደግሞ ቆሻሻው በጣም ይቀንሳል።

የመድኃኒት ሳጥን፦

እኔ በሆዷ ነጥብ ላይ ልምጣ። ቡናማ ነጥብ የተፈጥሮ ቀለም ሊሆን ይችላል፤ ቀይ ጆሮ ሆዷ ቢጫ ሆኖ በየሰሌዳው ጥቁር ምልክት አለው፣ ግራና ቀኙም ይቀራረባል። ከውኃው የመጣ እድፍም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሰፋ ብሎ ይዳረሳል እንጂ አንድ ቦታ ላይ ጉድጓድ አይሠራም። ሦስተኛው የቅርፊት መበስበስ ነው። በስቴኪኒ ደንደን ባለው ጎን ቀስ ብለው ይንኩት፤ አይውጉት። ጠንካራ ከሆነና ከጠርዙ ጋር እኩል ከሆነ ፎቶ አንሥተው በየሳምንቱ ያወዳድሩ። ከሰረጎደ፣ እንደ አይብ የሚፈረፈር ነገር ከወጣ ወይም ከሸተተ መበስበስ ነው።

ትንሽና ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በቤት ይያዛል። ከፋርማሲ 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ይግዙ፤ አንድ እጁን በ10 እጅ ንጹሕ ውኃ ያቅጥኑት፣ ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ ሊመስል ይገባል። ያልቀጠነው ሕያው ሽፋኑን ያቃጥላል፤ «ጠንከር ሲል ቶሎ ይሽራል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ነው ጉድ የሚሠራው። ፈርሶ የላላውን ብቻ በጥጥ ይጥረጉ፣ አዮዲኑን ቀብተው 10 ደቂቃ ያቆዩት፣ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁትና ያድርቁት። ከዚያ ለቃጠሎ የሚሰጠውን ነጭ ቅባት፣ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን 1 በመቶ፣ በስሱ ይቀቡ። ከቀቡ በኋላ ወዲያው ውኃ ውስጥ ከመለሷት ሁሉም ታጥቦ ይሄዳል። ንጹሕ ፎጣ በተነጠፈበት ሳፋ ውስጥ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ቦታ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ደረቅ ላይ ትዋል፣ ከዚያ ወደ ንጹሕ ውኃ። ምግብ የምትውጠው ውኃ ውስጥ ስለሆነ ደረቅ ላይ አይስጧት። በቀን አንዴ፣ ለሁለት ሳምንት።

ወደ ሐኪም የሚያስሮጠው ይህ ነው፦ ከሆድ ሰሌዳ ሥር ቅላት ሲሰራጭ (ደሟ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው)፣ ነጥቡ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ሲሰፋ፣ መብላት ስታቆም፣ ስትዋኝ በአንድ ጎን ስታዘነብል፣ አጥንት ሲታይ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ስላለው ከዚያ መጠየቅ ጥሩ ነው። ሐኪሞቻችን ብዙውን ጊዜ የሚውሉት ከከብትና ከዶሮ ጋር ስለሆነ ሁለት ነገር እርስዎ ራስዎ ያስታውሷቸው። አይቨርሜክቲን ለከብትና ለውሻ መድኃኒት ነው፣ ለኤሊ ግን መርዝ ነው፤ ይገድላታል። ቫይታሚን ኤ በመርፌ መጠኑ ካለፈ ደግሞ ቆዳዋ በቁልል ይገፈፋል፣ ማለትም ከመላጥ ልትታከም የሄደች ኤሊ የባሰ ተልጣ ትመለሳለች።

የናቲ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ያላችሁትን አየሁ። ሰሌዳ የወደቀበት ድንጋይ ነው፣ አይሸትም፣ አዲሱ አረንጓዴው የደመቀ ነው። ነጩ ነገር ከውኃ ስትወጣ ገላዋ ላይ ይለጠፋል፣ ፀጉር የለውም። የሆዷ ነጥብ ግን ትንሽ ይሰረጉዳል፤ በግራ በኩል አቻ የለውም፣ አይሸትም። ውኃው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ 20 ዲግሪ ነበር። መደብ የላትም። ደግሞ ስትደርቅ ጀርባዋ ላይ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ይቀራል፤ ይሄስ?

ቴርሞሜትር፦

ዱቄቱ ሻጋታ ሳይሆን ማዕድን ሳይሆን አይቀርም። የስምጥ ሸለቆ ውኃ ማዕድን ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር እሱው ነው። ማረጋገጥ ከፈለጉ ከወደቀው ሰሌዳ በአንዱ ላይ (በኤሊዋ ላይ አይደለም) አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ያድርጉ፤ አረፋ እያወጣ ከጠፋ ኖራ ነው። ከኤሊዋ ጀርባ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ የሚቀረው ከሰሌዳው ጋር አብሮ ይወድቃል። በየጊዜው የተነነውን ብቻ በመሙላት ፋንታ ውኃውን ደፍቶ መቀየር ክምችቱን ይቀንሰዋል።

20 ዲግሪው ነው ዋናው። በአንዴ ወደ 26 አያድርሱት፤ በቀን በአንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ያሳድጉ። ሙቀትና መደብ ካገኘች የተንጠለጠለችው ሰሌዳ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ትለቃለች ብለው ይጠብቁ። ሁለት ሦስት ወር ካለፋት፣ ወይም ከሥሯ ውኃ ተቋጥሮ ከሸተተ፣ ያኔ ሐኪም ያንሣት። የተነሣው ክፍል ከመረብ ወይም ከድንጋይ እየተያዘ የሚጎትታት ከሆነ ብቻ ነጻ የሆነውን ጫፍ በትንሽ የጥፍር መቀስ ይቁረጡት፤ ከተጣበቀው መሥመር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀው።

የመድኃኒት ሳጥን፦

የሚሰረጉድ፣ አቻ የሌለው፣ የማይሸት፦ ጅማሬው ላይ ነው ብለው ያስቡና የጻፍኩትን ዛሬውኑ ይጀምሩ። የመጀመሪያውን ቀን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ያንሡት። ሲድን ነጥቡ እየጠነከረ ይደርቃል፣ ጠርዙ ይለያል። ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም፤ አዲስ ሰሌዳ እስኪተካው ወራት ይወስዳል፣ ጠባሳውም ሊቀር ይችላል። ጠንካራና ደረቅ ከሆነ ድኗል፤ መልኩን አይዩ።

አረንጓዴ ጓሮ፦

ምግቡን ማንም አልነካውም እኮ! የተፈጨ ሥጋና አጥንት የሌለው ዓሣ ፎስፈረስ እንጂ ካልሲየም የላቸውም። ፕሮቲኑ ሲበዛ ደግሞ ቶሎ ታድጋለች፣ ሰሌዳዎቿም ሳይለቁ አዲስ ይገፋቸዋል። የደረቀ ሽሪምፕ እንደ ቆሎ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ምግብ ግን አይሆንም።

በዚህ ዕድሜዋ በቀን አንዴ የሚሰጣት ሥጋ ነክ ምግብ መጠኑ አንገቷን ሳይጨምር ጭንቅላቷን ያህል ይሁን። የተፈጨውን ሥጋ ይተዉት። ከአሞራ ገደል ፊሌቶ ከሚገዙ ጣት የምታህል ትንሽ ዓሣ ከነአጥንቷ ይሻላል፤ የሆድ ዕቃውን ግን አይስጡ፣ ተውሳክ ያለው እዚያ ነው። የምድር ትል ጥሩ ነው፣ ፀረ ተባይ ካልተረጨ ጓሮ ከሆነ። የኤሊ እንክብል ከተገኘ የሳምንቱን ግማሽ ይሸፍናል።

አትክልት በየቀኑ ይንሳፈፍላት፦ የሰላጣ ቅጠል፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ ዱባ። ካሮቱና ዱባው ለቫይታሚን ኤ ነው፤ ሥጋ ብቻ የበላች ኤሊ ዓይኗ ያብጣል፣ ቆዳዋም ይሻክራል። ጎመን አልፎ አልፎ ይሁን፣ የዘወትር ከሆነ እንቅርት ያመጣባታል። ቆስጣ ካልሲየሙን ስለሚይዝባት ይቅር። መጀመሪያ ላይ አትክልቱን አታይም፤ ሥጋው ለሁለት ቀን ቢዘለል ታየዋለች። ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት 10 ደቂቃ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ በሙቀጫ አልመው በሳምንት ሁለቴ በቁንጥር ምግቧ ላይ ይነስንሱ።

ከአዳማ፦

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። እኛ ዘንድ ያለችው የየብስ ኤሊ ናት፣ ጀርባዋ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር። ከጀርባዋ ሁለት ሰሌዳ ለቆ ነጭ ይታያል። እሷም እየለወጠች ነው ማለት ነው?

ጋሽ ኩሬ፦

አይደለም፣ ቶሎ ሐኪም ጋ ይውሰዷት። የየብስ ኤሊ ሰሌዳዋን አትጥልም፤ አዲሱ ከአሮጌው ሥር እየተጨመረ እንደ ቁልል ይሄዳል፣ ቀለበት ቀለበት የሚታየውም ለዚህ ነው። (ቀለበቱን ቆጥሮ ዕድሜዋን ማወቅ ይቻላል የሚባለው እምብዛም አያስተማምንም፤ በጠገበችበት ዓመት ከአንድ በላይ ታወጣለች።) ከእሷ ሰሌዳ ለቆ ነጭ ከታየ ያዩት አጥንት ነው። ምክንያቱ ቃጠሎ፣ ምት ወይም ሥር የሰደደ መበስበስ ነው። አምፖል ከጀርባዋ ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች ተሰቅሎ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያንሡ። ከዱር የተያዘች ከሆነች ደግሞ በዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም፤ ይህንንም ያስቡበት።

በዚያው፣ ከእኛው ወንዝና ኩሬ የተያዘ የውኃ ኤሊ ያላችሁም ይህን ጽሑፍ ታነቡ ይሆናል። ለማወቅ ሆዷን ገልብጡና ቁጠሩ፦ 13 ሰሌዳ ካላት፣ አንገቷንም ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ጎን አጥፋ ከደበቀች፣ የአፍሪካ ጎነ አንገት ናት። የመሞቂያው፣ የመድረቂያውና የውኃው ነገር ለእሷም ያው ነው።

የናቲ እናት፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ናቲ የወደቁትን ሁለት ሰሌዳዎች ደብተሩ ውስጥ አስቀምጧቸዋል፤ 6 ዓመቱ ነው። ልጣልበት?

የመድኃኒት ሳጥን፦

አይጣሉበት፤ ግን አሁኑኑ ከደብተሩ ያውጡት። ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባል አንጀት የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች፤ አሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅርፊታቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ስለታመሙ ነው። ሰሌዳውን በሳሙና ይጠቡት፣ አንድ እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይንከሩት፣ ደጋግመው ያለቅልቁት፣ ጥላ ላይ ያድርቁት። ጠፍጣፋ እንዲሆን ሳይደርቅ በሁለት ወረቀት መሀል ከመጽሐፍ ሥር ይጫኑት። ገንዳውንም ሳፋውንም የወጥ ቤት ማጠቢያ ላይ አይጠቡ፤ ናቲም ኤሊዋን በነካ ቁጥር እጁን በሳሙና።

ጋሽ ኩሬ፦

ጀርባ ላይ የትኛው እንደሆነ በእርሳስ ቁጥር ይጻፍበት፣ ቀኑንም። በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ቦታ የሚወድቀውን በላዩ ላይ ሲያስቀምጠው ስንት ሚሊ ሜትር እንዳደገች በማስመሪያ ይለካዋል።